ነጭ ወይንና ነጭ ማር፤ ከዋግ አድባራት እስከ ዝዋይ ሐይቅ

ከተከዜ ሸለቆ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የዋግ ደጋ ለመንገደኛ ሰው የድንጋይና የግራር አገር ብቻ መስሎ ቢታየውም፣ ወይን በኢትዮጵያ ምድር የሄደበትን ረጅም ጎዳና መርምሬ ልጻፍ ብሎ ለሚነሣ ሰው ግን ከሰቆጣ ከፍታ ላይ ቆሞ ቢመለከተው ከሌላ ስፍራ ይልቅ ነገሩ ይጠራለታል፤ ምክንያቱም በዚህ አገር የወይኑ ጽዋዕ ከመሠዊያው፣ የጠጁ ብርሌም ከመሳፍንቱ አዳራሽ ሳይታጡ ብዙ መቶ ዓመታት አብረው ኖረዋል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ወይኑ ከሩቅ የሚመጣ፣ ማሩ ከደጅ የሚቆረጥ ነበር። በእኛ ዕድሜ አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ያስተከለው ወይን አፍርቶ፣ ደረቅ ነጭ ወይን በኢትዮጵያ ምድር ተጠምቆ በጠርሙስ ሲወጣ ለብዙ ሰው ፍጹም አዲስ ነገር መስሎ ታየው፤ ከጥንቱ ጀምሮ ለተከተለው ግን ነገሩ ከአክሱም ዘመን የሚቀዳ ነው።

በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በቀይ ባሕር ይነግድ የነበረ፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ባዘጋጀው የባሕር ንግድ መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሶርያ ሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ጥቂት ወይን እንደ ነበረበት ተመዝግቦ ይገኛል። በአክሱም የቆፈሩ ሊቃውንትም ከባሕር ማዶ የመጡ የሸክላ ማሰሮዎችን ስብርባሪ፣ ከዚያም አልፎ የወይን ፍሬ ዘር ከአፈር ውስጥ አውጥተዋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው ግን በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ያስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ነው፤ ይህ ንጉሥ የቤጃን ነገዶች ድል አድርጎ፣ ከነከብታቸውና ከነቤተሰባቸው ወደ ሌላ አገር ወስዶ ባሰፈራቸው ጊዜ፣ በመንገድ ሳሉ የስንዴ እንጀራ እንዳበላቸው፣ ጠላና ወይን ውኃም እስኪጠግቡ እንዳጠጣቸው በግሪክኛው ቃል ነግሮናል። ለምርኮኛ ወይን የሚያጠጣ መንግሥት ወይንን በጓዳው የደበቀ መንግሥት እንዳልነበረ ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

በዚያው በዒዛና ዘመን፣ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እጅ የክርስትና ሃይማኖት በቤተ መንግሥቱ ከጸና በኋላ፣ ወይን ለደስታ የሚጠጣ መጠጥ መሆኑ ቀርቶ ያለ እርሱ ቅዳሴ የማይፈጸምበት ግዴታ ሆነ፤ የአዱሊስ ንግድ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተዳክሞ የባሕሩ መንገድ ሲጠብም ቤተ ክርስቲያን ይህን ጽዋዕ እንዴት አድርጋ እንደምታኖር ማሰብ ነበረባት። መፍትሔው ዘቢብ ሆነ። ዘቢብ በቀላሉ አይበላሽም፤ በአህያ ጭኖ ተራራ ለማውጣት፣ በዕቃ ቤት ለማኖር፣ ጥቂት በጥቂት ለመቆጠብ ይመቻል፤ ስለዚህ በዋግም እንደ ሌላው ደጋ ሁሉ፣ ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ በምትቆመው ቤተ ልሔም ውስጥ ዲያቆኑ ኅብስቱን ሲያዘጋጅ፣ ዘቢቡም በንጹሕ ውኃ ተዘፍዝፎ ካበጠ በኋላ ይጨመቃል፤ ይህ ጭማቂ ሳይፈላና ሳይሰክር ወደ ጽዋዑ ይገባና፣ ከጸሎተ ቅዳሴው በኋላ በዕርፈ መስቀል ለምእመናን ይሰጣል። የዋግ ገበሬ በሕይወቱ የወይን ግንድ ሳያይ፣ የወይንን ፍሬ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በምላሱ ያውቀዋል፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ወይንን ያከበረ ሕዝብ በየትኛውም አገር ይገኛል ብዬ አላምንም።

የአክሱም ኃይል ወደ ደቡብ ዞሮ፣ የአገው ነገሥታት የዛጐዬን ሥርወ መንግሥት በላስታ ባቆሙ ጊዜ፣ ይኸው የወይን ነገር በትውፊት ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አገኘ። ንጉሥም ቄስም የነበረው ቅዱስ ይምርሃነ ክርስቶስ፣ ዛሬ ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በዋሻ ውስጥ ተሠውሮ የሚታየውን፣ እንጨትና ኖራ እያፈራረቀ እንደ አክሱም ሥርዓት የታነጸውን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ፣ ለቅዳሴው ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት እንደ ነበር በአገሩ ይነገራል። የትውፊቱን ምሥጢር ለሃይማኖት ሊቃውንት ትቼ፣ ታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የሚይዘው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በዚያ ደጋ ላይ ወይን ምን ያህል ብርቅ ቢሆን ነው፣ ሕዝቡ ለጻድቅ ንጉሥ ከሚሰጠው ሰማያዊ በረከት አንዱ አድርጎ የቈጠረው? የይምርሃነ ክርስቶስ ዋሻ ከዋግ ወሰን ብዙ የራቀ አይደለም፤ ከሰቆጣ ከተማ አጠገብ ከዐለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስም የዚያው የዐለት ሕንጻ ጥበብ ወገን ነው።

ነገሩ እንዲገጥምልን፣ በዚያው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በሌላው የዓለም ዳርቻ የሆነውን መመልከት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1098 በፈረንሳይ አገር፣ በቡርጎኝ አውራጃ፣ ሲቶ በሚባል ረግረጋማ ስፍራ አንድ ገዳም ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1114 ደግሞ ከእርሱ የወጡ መነኮሳት ፖንቲኜ የተባለውን ገዳም አቋቋሙ። እነዚህ መነኮሳት እንደ እኛ ገዳማውያን በእጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩና፣ ለቅዳሴያቸውና ለእንግዳ መቀበያ የሚሆናቸውን ወይን ራሳቸው ተከሉ፤ በአቅራቢያቸው ባለችው ሻብሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ፣ አፈሩ ከጥንት ባሕር የቀረ የዛጎል ቅሪት በሚገኝበት የኖራ ዳገት ላይ፣ አንዱ መነኩሴ ከሌላው እየተቀበለ የትኛው መሬት የትኛውን ግንድ እንደሚወድ ለብዙ መቶ ዓመታት መረመሩ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሻርዶኔ የተባለው የወይን ዘር፣ ከእርሱም የሚገኘው ደረቅ ነጭ ወይን፣ በዚህ በትዕግሥት በተሞላ የገዳም ሥራ ነው የከበረው። የእኛ መነኮሳት ዐለት በሚፈለፍሉበት ዘመን የእነርሱ መነኮሳት ዳገት ይቆፍሩ ነበር፤ ሁለቱም ያደረጉት ለመሠዊያ ብለው ነው፤ ነገር ግን በእነርሱ ዘንድ መሠዊያው ወይኑን ከደጁ ሲያገኝ፣ በእኛ ዘንድ ዘቢቡ ከሩቅ ገበያ እየተጫነ መምጣቱን ቀጠለ።

በ1270 እ.ኤ.አ. አፄ ይኩኖ አምላክ የዛጐዬን መንግሥት ወደ ራሱ ወገን በመለሰ ጊዜ፣ በትውፊት እንደሚነገረው ለወረደው ሥርወ መንግሥት ዘሮች የዋግን አገር ርስት አድርጎ ሰጣቸው፤ የዚህ ቤት አለቃ ዋግሹም ተባለ፤ የብር ነጋሪት የማስመታት ክብርም ተፈቀደለት። ይህ ቤት ከሰቆጣ ሆኖ አንዱን አገር ሰባት መቶ ዓመት ያህል ለልጅ ልጅ ሲያወርስ ኖሯል። በአውሮፓ ካሉት ባለ ርስት ቤተሰቦች ውስጥ ይህን ያህል ዘመን በአንድ መሬት ላይ የጸና ቢፈለግ ጥቂት ነው የሚገኘው፤ አንድ ቤተሰብ አንዱን መሬት ሳይለቅ መኖሩ መልካም ወይንን የሚያስገኝ ከሆነ፣ የዋግ ቤት ለዚህ የሚያንሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ስድስት ዓመት በአገራችን ሲዘዋወር በአንጎትና በቡግና አልፎ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ነውና፣ ስለ ወይን የጻፈው ብዙ ያስተምራል። እርሱ እንደሚለው ከእርጥብ ወይን የሚጠመቅ መጠጥ በግልጥ የሚሠራው በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት ሲሆን፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ዘቢቡን በውኃ እየዘፈዘፉና እየጨመቁ ይቀድሱ ነበር። በሊዝቦን በ1540 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፉ የይምርሃነ ክርስቶስንም ሰማያዊ ኅብስትና ወይን ይጠቅሳል፤ እንግዲህ ይህ ትውፊት ቢያንስ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በሕዝቡ አፍ ይነገር ነበር ማለት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው የግራኝ ጦርነት አድባራቱን ሲያቃጥል ስለ ወይን ተክል የሚያስብ ሰው ሊኖር አይችልም ነበር፤ በጎንደር ዘመን በጣና ዙሪያ ጥቂት ወይን መብቀሉን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጽፏል፤ ይህ ግን ወደ ዋግ ተራሮች አልደረሰም።

ዋግ ይህን ጊዜ ሁሉ የራሱ መጠጥ ነበረው። ወይን ላልበቀለበት ደጋ እግዚአብሔር ማርን ሰጥቶታል፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፣ የታሪኩ ልብ በእኔ አስተያየት ከዚህ ነውና። በዋግ ክረምቱ አጭር ነው፤ ዝናሙ በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ሲያበቃ፣ መስከረም ከጠባ ጀምሮ ዳገቱና ገደሉ በአጭር ቁጥቋጦ አበባ ይሸፈናል፤ ከእነዚህም መንተሴ የሚባለው፣ ነጭና ሐምራዊ የተቀላቀለበት አበባ የሚያወጣው ቁጥቋጦ፣ ንቦቹ ከሌላው አብልጠው የሚቀስሙት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ቀፎው ሲከፈት የሚገኘው ማር ነጭ ነው፤ ጥቂት ሲቆይም ይረጋና እንደ ቅቤ ይጠጥራል፤ የሰቆጣን ማር ከሌላው አገር ማር ለይቶ የሚያስመሰግነውም ይኸው ንጣቱና ልዝብነቱ ነው። ንብ አንቢው ከጭቃና ከእበት በተሠራ ባህላዊ ቀፎ፣ በቤቱ ግድግዳ ወይም በዐለት ጥላ ሥር መንጋውን ያኖራል፤ ቀፎው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ ንቡ የትኛውን አበባ በየትኛው ሳምንት እንደሚጎበኝ ማወቁም አብሮ ይተላለፋል።

ከዚህ ማር የሚጣለው ጠጅ የአሠራሩ ሥርዓት የታወቀ ነው። ጋኑ በወይራ ጭስ ከታጠነ በኋላ፣ ማሩ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ በሚሆን ውኃ ይበጠበጣል፤ ሰፈፉ ተንሳፍፎ ከተገፈፈ በኋላ ጌሾው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈላው በራሱ እርሾ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚቀዳው ብርዝ ጣፋጭና ለሕፃንም የማይከብድ ሲሆን፣ ብዙ ሳምንት የቆየው ግን የማሩ ስኳር እየተበላ ሄዶ ጣፋጭነቱ ይጠፋና ደረቅ ጠጅ ይሆናል፤ ጠጅ ጣይዋ ሴት ሙያዋ የሚለካውም ፍላቱን በየትኛው ቀን ማቆም እንደሚገባት በማወቋ ነው። የፈረንሳዩ ደረቅ ነጭ ወይን ከዚህ በሥርዓቱ አይለይም፤ የነጩ ወይን ፍሬ ተጨምቆ ጭማቂው ከቆዳው ይለያል፤ ጭማቂው በቀዝቃዛ ስፍራ ሆኖ እርሾው ስኳሩን ጨርሶ እስኪበላው ድረስ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ጣፋጭነቱ ጠፍቶ ኮምጠጥ ያለ ጥራቱና የአፈሩ ጠባይ ብቻ ይቀራል። ከዋግ ነጭ ማር የተጣለ፣ የጠራ ደረቅ ጠጅ ቀምሶ ያስተዋለ ሰው የሻብሊን ወይን እንደ እንግዳ ነገር አይቈጥረውም። ይሁን እንጂ በዘመነ መሳፍንትም ሆነ ከዚያ በፊት ጠጅ የሁሉ ሰው መጠጥ አልነበረም፤ ማሩ በግብር መልክ ወደ ዋግሹሙ ግቢና ወደ አድባራቱ ይገባ ስለ ነበረ፣ ገበሬው ጠላውን ይጠጣል፣ ጠጁ ግን በአዳራሹ በአሳላፊ እጅ ይቀዳል። ንብ አንቢው ከፈጠረው ነገር የሚቀርለት ጥቂት መሆኑ የዚያ ዘመን በደል ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ያለፈውን ማመስገን አይገባም።

በፈረንሳይ ደግሞ በ1789 እ.ኤ.አ. አብዮቱ ተነሥቶ የገዳማቱን ርስት መንግሥት ወሰደውና በጨረታ ሸጠው፤ መነኮሳቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ያለሙት ዳገት ተቆራርሶ በነጋዴዎችና በገበሬ ቤተሰቦች እጅ ገባ። ቤተሰብ የያዘው የወይን ርስት ዛሬ በዚያ አገር የተለመደ የሆነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መሬቱ በልጆች መካከል እኩል እንዲከፈል ሕጉ ቢያዝም፣ ልጆቹ ግን የመነኮሳቱን እውቀት አልጣሉትም፤ አባት ለልጅ፣ ባል የሞተባት እናትም ለልጆቿ እያስተማረች ሥራውን አቆዩት።

በዋግ ያው 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመከራ ዘመን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ካስገደሉ በኋላ ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፍቶ ቆየ፤ በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱም ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም.፣ በዓድዋ አጠገብ አሰም በተባለው ስፍራ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ድል ተነሥቶ ተያዘ። የዋግ ቤት የዘውድን መንበር የጨበጠው ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ለዚያች ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር። ዘውዱ ካለፈም በኋላ የከፋው ገና ሊመጣ ነበር፤ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ከባሕር በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. የሆነው ክፉ ቀን ሰሜኑን ባዶ አደረገው፤ በሬ የሌለው ገበሬ አያርስም፣ አርሶ ያልበላ ሕዝብም ቀፎውን ትቶ ይሰደዳል። ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ እንኳ ዋግሹም ጓንጉል ሠራዊቱን ይዞ በ1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ ከራስ መኰንን ጋር ተሰልፏል።

በዚያው ዘመን የፈረንሳይም ወይን ከሞት ጋር ተጋፍጦ ነበር፤ ከአሜሪካ በገባ የሥር ቅማል ምክንያት ከ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሪቱ የወይን ተክል አውራጃ በአውራጃ ደረቀ። መድኃኒቱ የተገኘው የፈረንሳዩን ግንድ በሽታውን በሚችለው በአሜሪካው ሥር ላይ በማዳቀል ነው። ሻብሊ ግን ከዚህ በኋላም ቶሎ አላገገመችም፤ በጦርነትና በውርጭ ተደጋግማ ተመትታ፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀራት የወይን መሬት ወደ 500 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር። በ1938 እ.ኤ.አ. መንግሥት የስሟን ክብር በሕግ ጠብቆላት ነበርና፣ በዚያ ወሰን ውስጥ ካልበቀለ በቀር ማንም ወይኑን ሻብሊ ብሎ መሸጥ አይችልም፤ ቤተሰቦቹ መሬታቸውን ይዘው በመቆየታቸውና ሕጉ ስማቸውን በመጠበቁ፣ ዛሬ ያ መሬት ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፍቷል።

የዋግን ቤት ሻብሊ እንዲህ በተመታችበት ዘመን ያገኘው ጦርነት ነው። ኢጣልያ አገሩን በያዘ ጊዜ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስነሥተው ሲዋጉ፣ በ1930 ዓ.ም. መባቻ ላይ ወደቁ። ስለ ርስትና ስለ ቤት ጽናት ስንናገር፣ ይህ ሰው ለርስቱ የከፈለው ዋጋ ከማንም የወይን ባለ ርስት እንደሚበልጥ ማሰብ ይገባናል።

ከነጻነት በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ተቋቁሞ፣ ጉደር የተባለውን ቀይ ወይንና ክሪስታል የተባለውን ደረቅ ነጭ ወይን ለከተማው ሰው አቀረበ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ለውጥ ግን የመሬትን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ፣ የዋግሹም ቤትም የጉልትና የግብር ሥልጣኑ አበቃ። ፈረንሳይ ገዳማቱን ነጥቃ መሬቱን ለቤተሰብ ሸጠች፤ እኛ ደግሞ መሬቱን ከባለ ጉልት ወስደን ለአራሹ በይዞታ ሰጠነው፤ ንብ አንቢው ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሩ የራሱ ሆነ፤ ይህም ቀናው ፍርድ ነው። ያሳዘነው ይህ ነጻነት ገና ሳይጣፍጥ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ መምጣቱ ነው፤ የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም ሲወርድ ያየ ዓለም፣ የዋግን ስም ከዚያ ወዲህ ከረኃብ ጋር ብቻ አያይዞ ማወቁ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉ በጎ ነው፤ ይሁን እንጂ ሰቆጣ በችግሯ ብቻ ሳይሆን በማሯም ልትታወቅ ይገባታል።

አሁን ወደ ዝዋይ እንምጣ። በ1949 እ.ኤ.አ. በቦርዶ ከተማ፣ ከስፔን አገር ወደ ፈረንሳይ ተሰድደው በወይን እርሻ ይሠሩ የነበሩ ወላጆች ልጆች የሆኑ ዘጠኝ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች የካስቴልን ድርጅት መሠረቱ፤ ከእነርሱም መካከል ፒየር ካስቴል ሥራውን በአፍሪካ አስፋፋ። ይህ ቤት ዛሬ ከዓለም ታላላቅ የወይን ነጋዴዎች አንዱ ቢሆንም እስከ አሁን ድረስ የቤተሰብ ሀብት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የቅዱስ ጊዮርጊስን ቢራ ፋብሪካ ገዛ፤ ከዚያ በኋላ በመንግሥት ጥያቄ በ2007 እ.ኤ.አ. በዝዋይ ወይን ለመትከል ተስማማ። ከቦርዶ 750,000 ያህል ግንዶች መጥተው በ120 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ተተከሉ፤ ቀዩ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞ ሲሆን ነጩ ደግሞ ያው የቡርጎኝ መነኮሳት ያከበሩት ሻርዶኔ ነው። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ለነጭ ወይን ጥራት ይህ የሌሊት ቅዝቃዜ ትልቅ ነገር ነው። በፈረንሳይ ግንዱን የሚያስተኛው የብርዱ ወራት ነው፤ በእኛ ቆላ ግን እንዲህ ያለ ብርድ የለምና፣ ባለሙያው በመግረዝና ውኃን በመቆጠብ ግንዱን ራሱ ያሳርፈዋል። ከሐይቁ የሚወጡ ጉማሬዎችና ሌሎች አራዊት እንዳይገቡም በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፈረ። በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጠርሙስ ለገበያ ወጣ፤ የአክሱም ንጉሥ ለምርኮኞች ወይን ካጠጣ ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በላይ በኋላ፣ ኢትዮጵያ ሪፍት ቫሊና አካሽያ በሚባሉ ስሞች ወይኗን ለሌላው ዓለም መላክ ጀመረች። ያ እርሻ በዓመት 1.2 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ እንዲያወጣ ታስቦ የተተከለ ነው።

ይህን ሥራ አደንቃለሁ፤ ሙያ የሚያውቁ ሰዎች መጥተው የእኛን ልጆች መግረዝና መጥመቅ ማስተማራቸው ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም የዝዋይ ምሳሌ ወደ ዋግ ሊመለስ ይገባል ብዬ አምናለሁ። የዋግ አገር ደጋ ብቻ አይደለም፤ ወደ ተከዜ የሚወርደው የአበርገሌና የዝቋላ ቆላ ዝናሙ ጥቂት፣ ፀሐዩ ብዙ፣ አፈሩ ድንጋያማ ነው፤ ወይን ደግሞ ጭቃና ለምለም መሬት የሚወድ ተክል አይደለም። የተከዜ ግድብ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰፊ ውኃ በአጠገቡ ተኝቷል። በዚያ ዳገት ጥቂት ግንድ ተክሎ መሞከር የብዙ ሚሊዮን ብር ሥራ አይሆንም፤ ቢያንስ የአድባራቱን ዘቢብ ከገበያ መሸመት የሚያስቀር ነገር ከዚያ ሊገኝ ይችላል፤ ከ1,600 ዓመት በላይ ከሌላ ሰው እጅ የተቀበልነውን የመሠዊያ ፍሬ ከራሳችን አፈር ማቅረብ ለቤተ ክርስቲያንም ክብር ነው።

የማሩ ጉዳይ ግን ሙከራ አያስፈልገውም፤ እርሱ አለና። የጎደለው ሻብሊን ከሞት ያዳነው ነገር ነው፤ ይኸውም ስምን በሕግ ማስጠበቅ ነው። ዛሬ የሰቆጣ ነጭ ማር በአዲስ አበባ ገበያ ከሌላ አገር ማር ጋር እየተደባለቀ፣ አንዳንዴም ስኳር ተጨምሮበት በስሟ ሲሸጥ፣ የዋግ ንብ አንቢ የድካሙን ዋጋ ያጣል፤ ገዥውም የከፈለለትን አያገኝም። ስለዚህ የዋግ ኽምራ ንብ አንቢዎች ማኅበራት፣ የአገሩ ሽማግሌዎችና የግብርና ባለሙያዎች፣ የሰቆጣ ማር ወሰኑ ተለይቶ ስሙ በሕግ እንዲጠበቅ ከአዲስ አበባ ባለ ሥልጣናት ደጅ ሄደው እንዲጠይቁ እለምናለሁ፤ አድባራቱም በቅጥራቸው ግቢ ቢያንስ አምስት አምስት የወይን ግንድ ተክለው ውኃ እንዲያጠጡ እለምናለሁ፤ አንተም አንባቢ ሆይ፣ ዘንድሮ በኅዳር ማር ስትገዛ ከየትኛው አገር፣ ከማን ቀፎ እንደ ተቆረጠ ሳትጠይቅ አትግዛ።